ደኑን የበላው እርሳስ፦ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ያሉት የማቅለጫ ቅሪቶች ምን ይነግሩናል?

ከግሌንዴል፣ አልያም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ‘ትንሿ ኢትዮጵያ’ ተነስቶ ወደ ሰሜን በመኪና የሚጓዝ ሰው የሞሃቪን በረሃ አቋርጦ አውራ ጎዳና 395ን ይይዛል። ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጉዞ በኋላ በስተግራው የሴራ ኔቫዳ ሰንሰለት፣ በስተቀኙ ደግሞ የኢንዮ ተራሮች ይታዩታል። በመካከላቸው ነጣ ያለ ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ይህ ሜዳ በአንድ ወቅት የእንፋሎት መርከብ ይመላለስበት የነበረው የኦወንስ ሐይቅ ወለል ነው።

በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከአውራ ጎዳናው ብዙም ሳይርቅ፣ ዝናብና ነፋስ የሸረሸራቸው ሁለት ክብ የሸክላ ግንቦች ቆመዋል። ከሩቅ ሲታዩ ክዳናቸው የተገለጠ ጎጆዎች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሰው ኖሮባቸው አያውቅም። 150 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የከሰል ማክሰያዎች ናቸው።

በአካባቢያቸው ለከሰል የሚሆን ደን የለም። ታዲያ ከሰል ማክሰያ በበረሃ ዳር ለምን ተሠራ? ከሰሉስ ለማን ይቀርብ ነበር? መልሱ ያለው ከሐይቁ ማዶ፣ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው ሴሮ ጎርዶ በተባለች የማዕድን መንደር ነው። በዚያ ተራራ ላይ የቀለጠው እርሳስና ብር ሎስ አንጀለስን ከትንሽ የግብርና ከተማነት ወደ ንግድ ማዕከልነት ካሸጋገሯት ሀብቶች አንዱ ነበር። ምድጃዎቹ የሚነዱት ግን በደን ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች በእነዚህ ተራሮች የሚያነቡት የማዕድንን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የጠፋ ደንንም ታሪክ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እርሳስ ስንል

በአማርኛ ‘እርሳስ’ የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ ተማሪ የሚጽፍበትን መጻፊያና ከባዱን ማዕድን። መጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግን ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት እንጂ እርሳስ አይደለም። የስሙ መደባለቅ የአማርኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓውያንም ግራፋይትን ለረጅም ጊዜ የእርሳስ ዘመድ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

እውነተኛው እርሳስ ከውሃ ከ11 ጊዜ በላይ ይከብዳል። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ከብረትና ከመዳብ ይልቅ ለባለሙያ ገር ነው። ለጥይት፣ ለውሃ ቧንቧ፣ ለጣሪያ ክዳን፣ ለቀለምና በኋላም ለመኪና ባትሪ አገልግሏል። ሌላም ጥቅም አለው። ሲቀልጥ በማዕድኑ ውስጥ ያለውን ብር ወደራሱ ይሰበስባል። በመሆኑም በብዙ ቦታዎች ሰዎች እርሳስን ያቀለጡት ከውስጡ ብር ለማውጣት ሲሉ ነው። ሴሮ ጎርዶም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ማዕድኑ ለምን ደን ፈለገ?

በብዛት የሚገኘው የእርሳስ ማዕድን ጋሌና ይባላል፤ እርሳስና ድኝ የተዋሃዱበት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። በአየር ሲቆላ ድኙ መራራ ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ኦክስጅን በቦታው ይገባል። ቀጥሎ ኦክስጅኑን ከእርሳሱ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ከሰል ነው። ከሰል በምድጃ ውስጥ ሙቀት ከመስጠቱም በላይ ኦክስጅኑን ነጥቆ በመውሰድ ንጹሑን እርሳስ ነፃ ያወጣል። ከባዱ እርሳስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ድንጋያማው ቆሻሻ ቀልጦ በላዩ ይንሳፈፋል። ይህ ቆሻሻ ተቀድቶ ሲደፋና ሲቀዘቅዝ እንደ ጥቁር መስታወት ይጠጥራል። አርኪዮሎጂስቶች በቀዳሚነት የሚፈልጉት ይህንኑ ዝቃጭ ነው፤ አይበሰብስም፣ የሚፈልገውም ስለሌለ ከቦታው ብዙም አይንቀሳቀስም።

ከሰል እንዴት እንደሚከስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እንጨቱ ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፣ በትንሽ ቀዳዳ አየር እየተሰጠው ሳይነድ ይከስላል። በዚህ ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ የሚሆን እንጨት ይፈጃል። ለቡና ማፍያ የሚበቃው ከሰል ትንሽ ነው። ቀንና ሌሊት ለማይጠፋ ማቅለጫ የሚበቃው ግን ተራራ ያራቁታል።

ሼፊልድ፦ ደንን እየጠበቁ መቁረጥ

እርሳስና ደን የተሳሰሩት በካሊፎርኒያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ዳርቻ የሚገኘው የኤክልሶል ደን የዚህ ታሪክ ቀደምት ገጽ ነው። በደኑ ውስጥ የሚሄድ ሰው በቅጠል የተሸፈኑ ክብ ጉድጓዶች ያጋጥሙታል። ቁልቁለቱን ተከትሎ በአንድ በኩል የሚወጣ አፍ ስላላቸው ቅርጻቸው የእንግሊዝኛውን ‘ኪው’ ፊደል ይመስላል። ተመራማሪዎችም በዚሁ ፊደል ይጠሯቸዋል።

እነዚህ ጉድጓዶች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ‘ነጭ ከሰል’ የሚባል ማገዶ የተዘጋጀባቸው ናቸው። ነጭ ከሰል የከሰለ እንጨት አይደለም፤ ተፈልጦ በእሳት ሙቀት እርጥበቱ የወጣለት እንጨት ነው። የዘመኑ የእርሳስ ምድጃ በውሃ ኃይል በሚሠራ ወናፍ ይነፋ ነበር። ለዚህ ምድጃ እርጥብ እንጨት ሙቀቱ ያንሳል፣ ጥቁር ከሰል ደግሞ ይበዛል። ነጭ ከሰል በሁለቱ መካከል ያለውን ሙቀት ይሰጣል።

የሼፊልድ ባለይዞታዎች ዛፉን ከሥሩ አልነቀሉም። ከጉቶው በላይ ቆርጠው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይተዉትና ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ይቆርጡት ነበር። ስለዚህ ማቅለጫው የድንጋይ ከሰል ወደሚያነድ ምድጃ ሲቀየር ደኑ በቦታው ነበር፤ ዛሬም አለ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው።

ሴሮ ጎርዶ፦ 320 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጥፍጥፍ

በሴሮ ጎርዶ ብር የተገኘው በ1865 ሲሆን፣ ግኝቱ በአብዛኛው ፓብሎ ፍሎሬስ ለተባለ ሜክሲኳዊ ማዕድን ፈላጊ ይሰጣል። በ1868 ሞርቲመር ቤልሾ የተባለ ነጋዴና መሐንዲስ ወደ ቦታው መጣ፤ ተራራውን ከሸለቆው የሚያገናኘውን ‘ቢጫው መንገድ’ የተባለ ጠመዝማዛ መንገድ ሠርቶም ኬላ ቆመበት። ወደ ተራራው የሚወጣም የሚወርድም ለእርሱ ይከፍል ነበር። ቪክቶር ቦድሪ ከተባለ ሌላ ነጋዴ ጋር የማቅለጫ ምድጃዎቹን ተቆጣጠሩ።

ከምድጃው የሚወጣው እርሳስና ብር የተቀላቀለበት ጥፍጥፍ ነበር፤ አንዱ 38 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብሩን ከእርሳሱ መለየት በተራራው ላይ አልተቻለም። ጥፍጥፉ 320 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መንገድ በበቅሎ ሠረገላ ወደ ሎስ አንጀለስ ይወርድና ከሳን ፔድሮ ወደብ በመርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይላክ ነበር። የሠረገላው ሥራ የረሚ ናዶ ነበር፤ ከካናዳ የመጣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። ሠረገላዎቹ በረሃውን አልፈው፣ በሳን ፈርናንዶ ተራሮች መካከል በተቆረጠ ጠባብ መተላለፊያ ሾልከው ወደ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ይወርዳሉ። ግሌንዴል ዛሬ የምትገኘው በዚሁ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው።

በ1870 በተደረገው ቆጠራ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ 5 ሺህ 728 ብቻ ነበር። ለዚህች ትንሽ ከተማ የሴሮ ጎርዶ ንግድ ትልቅ ሲሳይ ሆነላት። ገበሬዎቿ ለበቅሎዎቹ ገብስና ድርቆሽ ሸጡ። ነጋዴዎቿ ለማዕድን ሠራተኞቹ ምግብ፣ ልብስና መሣሪያ ላኩ። በ1880 የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 11 ሺህ 183 አደገ። ናዶም ካካበተው ሀብት ከፍሎ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ መሃል ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ገነባ።

ዛፉ ሲያልቅ

የቤልሾ ምድጃዎች በመጀመሪያ የበሉት የኢንዮ ተራሮችን ፒንዮን ነው። ፒንዮን በደረቅ ተራራ ላይ የሚበቅል፣ ቁመቱ አጭርና ዕድገቱ እጅግ ዘገምተኛ የሆነ የጥድ ዓይነት ዛፍ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይሞሉ በሴሮ ጎርዶ ዙሪያ ሊቆረጥ የሚችለው እንጨት አለቀ።

መፍትሔው ከሐይቁ ማዶ ተፈለገ። በ1873 ኮሎኔል ሸርማን ስቲቨንስ በሴራ ኔቫዳ ከፍታ፣ በኮተንዉድ ወንዝ ላይ የእንጨት መሰንጠቂያ ተከለ። የተሰነጠቀው እንጨት ውሃ በሚወርድበት ረጅም የእንጨት አሸንዳ ወደ ሸለቆው ይንሸራተት ነበር። ከፊሉ ለማዕድን ጉድጓዶች ድጋፍና ለቤት መሥሪያ ዋለ፤ ሌላው በሐይቁ ዳር በተሠሩት የሸክላ ማክሰያዎች ከሰለ። ከሰሉ ‘ቤሲ ብሬዲ’ እና ‘ሞሊ ስቲቨንስ’ በተባሉ የእንፋሎት መርከቦች ሐይቁን ተሻግሮ፣ በሠረገላ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር። መርከቦቹ ሲመለሱ ጥፍጥፍ ይዘው ይመለሳሉ።

አሁን በአውራ ጎዳናው ዳር የሚታዩት ሁለቱ ግንቦች የዚያ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ናቸው። ካሊፎርኒያ በታሪካዊ ቅርስነት መዝግባ ቁጥር 537 ሰጥታቸዋለች። ሐይቁ ግን የለም። ሎስ አንጀለስ በ1913 የኦወንስን ወንዝ ውሃ በቦይ ጠልፋ ወደራሷ መውሰድ ከጀመረች በኋላ ደርቋል።

ከዚህ የበለጠ ተጠብቆ የቆየው ቅሪት በዛሬው የዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የዋይልድሮዝ ከሰል ማክሰያዎች ይባላሉ። በ1877 የተሠሩ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ አሥር የድንጋይ ግንቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው 7 ሜትር ተኩል ቁመትና 9 ሜትር ገደማ ወርድ አላቸው። ከሰሉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ለነበሩ ሁለት የእርሳስና ብር ማቅለጫዎች ይቀርብ ነበር። በማዕድኑ ድርሻ ከነበራቸው ባለሀብቶች አንዱ ጆርጅ ኸርስት ነው።

አንዱ ግንብ በአንድ ጊዜ 150 ሜትር ኩብ ገደማ የፒንዮን እንጨት ይይዛል። እንጨቱ ከስድስት እስከ ስምንት ቀን ይከስልና ለመቀዝቀዝ አምስት ቀን ይፈልጋል። በመጨረሻ የሚገኘው ከሰል 70 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህ በአሥር ሲባዛ በአንድ ዙር ብቻ ምን ያህል ዛፍ እንደሚወድቅ መገመት ይቻላል። ከ1879 በኋላ ማክሰያዎቹ መሥራታቸውን የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ የለም። እንዲህ በጥንቃቄ የታነጸ ግንብ ያገለገለው ሁለት ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው። በ1971 የናቫሆ ተወላጅ የሆኑ ግንበኞች አድሰዋቸዋል።

ኪሳራው የማን ነበር?

ለማዕድን ባለቤቱ ፒንዮን ማገዶ ነው። ለቲምቢሻ ሾሾኒና ለፓዩት ሕዝቦች ግን ስንቅ ነው። ቤተሰቦች በመጸው ወደ ተራራ ወጥተው የፒንዮንን ፍሬ ይለቅማሉ፣ ይቆላሉ፣ ለክረምት ያከማቻሉ። ዛፉ ፍሬ በብዛት ለመስጠት አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ወደ ከሰልነት የተለወጠ ተዳፋት ለአንድ ትውልድ ጎተራ ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ከሰል አክሳዮቹም አልተጠቀሙም። በአጎራባቿ ኔቫዳ፣ ዩሬካ በተባለች ሌላ የእርሳስና ብር ከተማ፣ ከሰሉን የሚያከስሉት በአብዛኛው ከጣሊያንና ከስዊዘርላንድ ጣሊያንኛ ተናጋሪ አካባቢዎች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ዛፉ እያለቀ ሲሄድ ቆራጮቹ ከከተማዋ እየራቁ ሄዱ፤ ማቅለጫዎቹ ደግሞ ለከሰሉ የሚከፍሉትን ዋጋ ለመቀነስ ፈለጉ። በነሐሴ 1879 ፊሽ ክሪክ በተባለ ቦታ የሸሪፍ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው አምስት ከሰል አክሳዮችን ገደሉ። በተራሮቹ ላይ ዛሬ የሚታዩት የእነዚያ ስደተኞች ደልዳላ የከሰል መደቦች ስም አልተጻፈባቸውም።

የማገዶ እጥረት የከተማን ዕጣ ሊወስን እንደሚችል ከኢትዮጵያም ታሪክ እናውቃለን። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን በመመናመኑ አፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ሴሮ ጎርዶ ባሕር ዛፍ አልነበራትም። በ1870ዎቹ መጨረሻ ዋናው ማዕድን ሲመናመን፣ እሳት ቃጠሎ ሲደርስባትና የብርና የእርሳስ ዋጋ ሲወርድ ምድጃዎቿ ጠፉ።

መሬቱን ማንበብ

ጽሑፍ ያልተወላቸውን ሰዎች ሥራ አርኪዮሎጂስቶች ከመሬት ያነባሉ። በተዳፋት ላይ ያለ ምክንያት የተደላደለ ክብ መደብ የከሰል ክምር የነበረበትን ቦታ ያሳያል፤ አፈሩ ሲጫር ጥቁር ነው። የከሰል ስብርባሪ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የዛፉን ዓይነት ይናገራል። የጉቶው ዓመታዊ ቀለበት ሲቆጠር ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ሊታወቅ ይችላል። ዝቃጩ ሲመረመር ምድጃው ምን ያህል እንደጋለና ምን ያህል እርሳስ ሳይወጣ እንደቀረ ይታወቃል። ከሌላው ሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባው ግን ሣር ያልበቀለበት መሬት ነው። ማቅለጫ በነበረበት ቦታ ላይ እርሳስ አፈሩን ስለሚመርዝ ዕፅዋት ከመቶ ዓመታት በኋላም ሊመለሱ ይቸገራሉ።

እርሳስ እንደ ዛፍ አይበሰብስም፣ እንደ ብረት ዝጎ አያልቅም። ከምድጃ ጋር በጭስ የወጣው እንኳ የሆነ ቦታ ያርፋል። በሮማውያን ዘመን የተቀለጠው እርሳስ አሻራ በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ዛሬም ይለካል።

ከተራራው ወደ ከተማው

ይህ ታሪክ በሩቅ ተራሮች ላይ የቀረ ቢሆን ኖሮ ለቱሪስት ብቻ በተተወ ነበር። ነገር ግን እርሳስ ማቅለጥ ወደ ከተማው ወርዷል። ከሎስ አንጀለስ መሃል በስተደቡብ በምትገኘው ቨርነን ከ1922 ጀምሮ የእርሳስ ማቅለጫ ነበር። በኋላ ኤክሳይድ የተባለው የባትሪ ኩባንያ ይዞት፣ ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን እያቀለጠ እርሳሳቸውን ያወጣበት ነበር። በ2015 ከፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ጋር በተደረሰ ስምምነት ተዘጋ።

ከዚያ የሆነው የአርኪዮሎጂስቶቹን ሥራ ይመስላል። የካሊፎርኒያ ግዛት ባለሙያዎች በ2 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካሉ መኖሪያ ቤቶች አጥር ግቢ አፈር እየቆፈሩ መመርመር ጀመሩ። በዚህ ክልል 10 ሺህ ገደማ ይዞታዎች አሉ፤ ቦይል ሃይትስና ሜይዉድን ጨምሮ አብዛኛው ነዋሪ ላቲኖና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነው። ግዛቱ በ2016 ለምርመራና ለጽዳት 176 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ኩባንያው በ2020 በኪሳራ ሕግ ቦታውን ጥሎ እንዲወጣ ፍርድ ቤት ፈቀደለት። አፈሩን የማጽዳቱ ዕዳ በሕዝብ ላይ ቀረ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት እንደማያደርስ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም። ሰውነት እርሳስን እንደ ካልሲየም ቆጥሮ በአጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ በእርግዝና ጊዜም ከእናት አጥንት ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊደርስ ይችላል። በይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው፤ መሬት ላይ ይጫወታሉ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው ያደርሳሉ፣ አንጎላቸውም ገና በማደግ ላይ ነው።

በመሆኑም የሴሮ ጎርዶንም ሆነ የዋይልድሮዝን ቅሪት ለማየት ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ጥቂት ነገሮችን ልብ ቢል መልካም ነው። የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ዝቃጭ ለማስታወሻ ማንሳት አይገባም፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሕግ ይከለክለዋል፣ እርሳስም ሊኖረው ይችላል። ከምግብ በፊት እጅን በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ የጫማን አቧራ ከቤት ውጭ ማራገፍ ይገባል። በከተማም ቢሆን ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የተላላጠ ቀለም ካየ እርሳስ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት። ልጅ ለእርሳስ መጋለጡ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል።

የሼፊልድ ደን ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ስለተተወ ዛሬም አለ። በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይም ፒንዮን ቀስ በቀስ ወደ ተራቆቱት ተዳፋቶች እየተመለሰ ነው። ደን ጊዜ ከተሰጠው ይተካል። ከምድጃው የወጣው እርሳስ ግን በወደቀበት ይቆያል፤ ያቀለጠው ኩባንያ ስም ከተረሳ በኋላም ጭምር።